ሁለት ክንድ ያለው ሞለኪውል



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ምዕራፍ ነው። ምዕራፉ ኤሌክትሮፋይል ስለሚባሉት፣ ማለትም ኤሌክትሮን ፈላጊ ስለሆኑት ውሕዶች ይናገራል። በመማሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ በሜቲል አዮዳይድ ወይም በአሴቲል ክሎራይድ ይጀመራል። ተማሪው ጠመዝማዛ ቀስቶቹን ሥሎ፣ የምላሹን ውጤት ጽፎ ፈተናውን ያልፋል። ከዓመት በኋላ ብትጠይቁት የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። በኢትዮጵያ ክፍል ውስጥ ግን ይህንን ምዕራፍ ከማንም በላይ የሚያስረዳ ሌላ ሞለኪውል አለ። በ1928 ዓ.ም. በአያቶቻችን ላይ ከሰማይ ወርዷል። የቅርብ ዘመዶቹ ደግሞ ዛሬ በጥቁር አንበሳና በሌሎች ሆስፒታሎች በካንሰር ሕሙማን ደም ሥር ውስጥ እየተንጠባጠቡ ዕድሜ ያረዝማሉ። ሁለቱም ሥራቸውን የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ኬሚካዊ ምላሽ ነው። ይህንን ምላሽ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ታሪኩንም ሕክምናውንም የሚረዳበት መንገድ ይለወጣል ብዬ ስለማምን ነው እዚህ የቆምኩት።

መሠረቱን በአጭሩ ላስታውስ። ኮቫለንት የሚባለው ኬሚካዊ ትስስር ሁለት አቶሞች የሚጋሩት የኤሌክትሮን ጥንድ ነው። ናይትሮጅን፣ ኦክስጅንና ድኝ ለማንም ያላጋሩት ትርፍ ጥንድ አላቸው። በአንጻሩ ከክሎሪን ጋር የተያያዘ ካርቦን ኤሌክትሮን ጎድሎበታል፤ ክሎሪኑ የጋራውን ጥንድ ወደ ራሱ ስለሚስብ ካርቦኑ በከፊል ፖዘቲቭ ሆኖ ይቀራል። ትርፍ ጥንድ ያለው አቶም ጥንዱን ለዚህ ካርቦን ሲሰጥ አዲስ ትስስር ይፈጠራል፤ ክሎሪኑም የቀድሞውን ጥንድ ይዞ ይወጣል። ሰጪውን ኑክሊዮፋይል፣ ተቀባዩን ኤሌክትሮፋይል ብሎ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የሰየመው እንግሊዛዊው ኬሚስት ክሪስቶፈር ኢንጎልድ ነው።

ኤሌክትሮፋይል ሁሉ አንድ አይደለም። ሜቲል ክሎራይድ ዝግተኛ ነው። ዳይሜቲል ሰልፌት ከእሱ እጅግ ይፈጥናል። የሜርዋይን ጨው የሚባለው ትራይሜቲል ኦክሶኒየም ደግሞ እንደ አማይድ ያለ ኤሌክትሮኑን ለመስጠት የማይቸኩል ሞለኪውል እንኳ ሜቲል እንዲቀበል ያስገድደዋል። የሚያፈጥናቸው ወይም የሚያዘገያቸው ሁለት ነገር ነው፤ ካርቦኑ ምን ያህል ኤሌክትሮን እንደጎደለበትና የሚወጣው ክፍል ለመውጣት ምን ያህል ዝግጁ እንደሆነ። ይህቺን ሐሳብ ያዙልኝ፤ የቀረው ሁሉ በእሷ ላይ የሚቆም ነው።

አሁን ወደ ሞለኪውሉ ልሂድ። የሰናፍጭ ጋዝ ይባላል። ስሙ ጋዝ ይሁን እንጂ በተለመደው ሙቀት ዘይት የሚመስል ፈሳሽ ነው፤ የሚፈላው ከ215 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲደርስ ነው። ንጹሕ ያልሆነው ዓይነት ሰናፍጭ ወይም ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ቅርጹ ቀላል ነው፤ መካከሉ ላይ አንድ የድኝ አቶም፣ ከድኙ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ካርቦን ያላቸው ክንዶች፣ በየክንዱ ጫፍ አንድ ክሎሪን። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ጉትሪ በ1860 እ.ኤ.አ. ስለ ውሕዱ ሲጽፍ ቆዳ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳትም አብሮ ጽፏል። ጀርመናዊው ቪክቶር ማየር በ1886 እ.ኤ.አ. ንጹሑን ካገኘ በኋላ መርዛማነቱን ዐይቶ ምርምሩን ተወው። እነዚህ ሰዎች የድኝን ኬሚስትሪ ለማወቅ የሚደክሙ ተመራማሪዎች ነበሩ፤ ጦርነት በአእምሯቸው አልነበረም።

ቅርጹን ብቻ ለሚያይ፣ በክንዱ ጫፍ ያለው ካርቦን ከተራ አልኪል ክሎራይድ የተለየ ጠባይ ይኖረዋል ብሎ ለመገመት ይከብዳል። ልዩነቱን የሚያመጣው መካከል ላይ የተቀመጠው ድኝ ነው። ድኙ ትርፍ ጥንድ አለው፤ የክንዱም ርዝመት ለመታጠፍ የተመቸ ነው። ስለዚህ ድኙ ጥንዱን በራሱ ክንድ ጫፍ ላለው ካርቦን ይሰጣል። ክሎሪኑ ይወጣል። ድኙና ሁለቱ ካርቦኖች ሦስት ማዕዘን ያለው ጠባብ ቀለበት ይሠራሉ። ቀለበቱ ከመጥበቡ የተነሣ የተወጠረ ነው፤ ድኙም ፖዘቲቭ ቻርጅ ተሸክሟል። ውጥረቱና ቻርጁ አንድ ላይ ሆነው ብርቱ ኤሌክትሮፋይል ያደርጉታል፤ አጠገቡ የደረሰ ኤሌክትሮን ሰጪ ሁሉ ቀለበቱን ይከፍተዋል፣ ከፍቶትም ከክንዱ ጋር ለዘለቄታው ይተሳሰራል። ሁለተኛው ክንድም ተራውን ጠብቆ ያንኑ ይደግማል። ይህ ሁሉ ያለ አሲድ፣ ያለ ካታሊስት፣ በሰውነት ሙቀት የሚሆን ነው።

ድኙ ዋናው ተዋናይ መሆኑን ለማረጋገጥ አንድ ማስረጃ ልጨምር። ድኙ አንድ ኦክስጅን ቢጨመርለት ትርፍ ጥንዱን እንደ ቀድሞው ሊሰጥ አይችልም። የሚገኘው ሰልፎክሳይድ ክንዶቹም ክሎሪኖቹም ሳይጎድሉ የማቃጠል ኃይሉን ያጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተበከለ መሬትና ዕቃ በክሎሪን ዱቄት፣ ማለትም በበረኪና ቤተሰብ ይጸዳ የነበረውም ድኙ ኦክስጅንና ክሎሪን አግኝቶ ስለሚለወጥ ነው።

ስለ ውሃ ደግሞ ልናገር፤ የጉዳቱ አሠራር እዚህ ላይ ይገለጣልና። ውሃም ኤሌክትሮን ሰጪ ነው። ውሃ ውስጥ በትክክል የሟሟ የሰናፍጭ ጋዝ በደቂቃዎች ውስጥ ተሰባብሮ አደገኛነቱ ይቀንሳል። ችግሩ አለመሟሟቱ ነው። ከውሃ ይከብዳል፣ እንደ ዘይት ጠብታ ሆኖ ወደ ታች ይሰጥማል፣ የሚሟሟውም ከጠብታው ዳር ዳር ጥቂት በጥቂት ነው። ስለዚህ ኩሬ፣ ጭቃና ሣር ላይ ለቀናት ይቆያል። ወደ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ ፀሐይ ሲያሞቀው ተመልሶ ይቀልጣል፣ ይተናል። ትነቱም ከአየር ከአምስት ጊዜ በላይ ስለሚከብድ ወደ ሸለቆ፣ ወደ ጉድጓድና ወደ ዋሻ ይወርዳል። ዘይት ወዳድ በመሆኑ ቆዳና ልብስ ዘልቆ ይገባል። በገባበት ቅጽበት አያምም። የነካው ሰው ከሁለት እስከ ሃያ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ዐይኑ ይቀላል፣ ቆዳው ውሃ ይቋጥራል፣ ሳንባው ይታፈናል። ሕመሙ ሲጀምር ምላሹ ካለቀ ቆይቷል፤ ትስስሩ ተሠርቷል፣ የሚታጠብ ነገር የለም።

ጀርመኖች ይህንን ፈሳሽ በጦር ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀሙበት በጁላይ 1917 እ.ኤ.አ. ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ከተማ አጠገብ ነው፤ ፈረንሳዮችና ጣልያኖች ኢፕሪት የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. ጄኔቭ ላይ መርዘኛ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የሚከለክል ስምምነት ተፈረመ። ኢጣልያም ፈራሚ ነበረች፤ በ1928 እ.ኤ.አ. አጽድቃዋለች።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ አውሮፕላኖች በተከዜ ሸለቆ በልዑል ራስ እምሩ ሠራዊት ላይ ኢፕሪት የያዙ ቦምቦች ጣሉ። ከእነዚህ ቦምቦች ትልቁ ከ200 ኪሎ በላይ የሰናፍጭ ፈሳሽ የሚይዝ ነበር። ቀጥሎም ከአውሮፕላን ላይ መርጨት ተጀመረ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት በአማርኛ ሲናገሩ፣ አውሮፕላኖቹ ተከታትለው እየበረሩ የሚለቁት ጉም ወታደሩንም፣ ሴቱንም፣ ሕፃኑንም፣ ከብቱንም፣ ወንዙንና ግጦሹንም እንዴት እንደሸፈነ አንድ በአንድ አስረድተዋል። ስለ ሞለኪውሉ የነገርኳችሁን ይዛችሁ ያንን ምስክርነት ብታነቡት እያንዳንዱ ቃል ኬሚስትሪ ሆኖ ይታያችኋል። ሠራዊቱ አብዛኛው ባዶ እግሩን ነበር፤ ጠብታው ያረፈው ሣርና አፈር ላይ ነው። የለበሰው ጥጥ ነው፤ ዘይቱ በጥጥ ውስጥ ያልፋል። የሚጠጣው ከወንዝ ነው፤ ፈሳሹ ከውሃ ሥር ይተኛል። የሸሸው ወደ ሸለቆና ወደ ዋሻ ነው፤ ትነቱም የሚወርደው ወደዚያው ነው። በ1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በአመፀኛ ዋሻ በተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ የሆነው ይኸው ነበር።

ማርሴል ዡኖ የተባለ የስዊስ ሐኪም የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ልዑክ ሆኖ በቆረም አካባቢ በኢፕሪት የተቃጠሉ ቁስለኞችን በዐይኑ አይቶ ጽፏል። ይህ ሁሉ ምስክር እያለ በኢጣልያ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት የተነገረው ክህደት ነበር። ታሪክ ጸሐፊው አንጀሎ ዴል ቦካ ሰነዶቹን እያወጣ በራሱ ወገኖች እየተሰደበ ሲከራከር ኖሮ፣ የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ ጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ ያመነው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ስልሳ ዓመት መሆኑ ነው። ዴል ቦካ በዚህ ሥራው የኢትዮጵያውያን ምስጋና ይገባዋል እላለሁ።

አሁን ወደ ሴሉ ውስጥ እንግባ። የሰናፍጭ ጋዝ ከብዙ ነገር ጋር ይተሳሰራል፤ ከፕሮቲን ጋርም፣ ከሴሉ መከላከያ ከግሉታታዮን ጋርም። ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን ዲኤንኤ ላይ የሚያደርሰው ነው። ዲኤንኤ ከአራት ፊደሎች ይሠራል፤ ከአራቱ አንዱ ጓኒን ነው። ጓኒን ሰባተኛ ቦታው ላይ ያለው ናይትሮጅን ትርፍ ጥንድ አለው፤ ጥንዱም ወደ ውጭ የተጋለጠ ነው። ቀለበት የሠራው ክንድ የሚመጣው ወደዚህ ናይትሮጅን ነው። ፒተር ብሩክስና ፊሊፕ ሎውሊ በ1960 እ.ኤ.አ. ገደማ ለንደን ውስጥ ይህንን አረጋገጡ። የመጀመሪያው ክንድ አንዱን ጓኒን ከያዘ በኋላ ሁለተኛው ክንድ በተቃራኒው ሰንሰለት ላይ ያለ ሌላ ጓኒን ሲይዝ ሁለቱ ሰንሰለቶች ተሰፉ ማለት ነው። ሴሉ ሊራባ ሲል ዲኤንኤው መከፈት አለበት፤ ዚፕ መሐሉ ላይ በክር ቢሰፋ እንደማይከፈት ሁሉ ይህም አይከፈትም። ሴሉ ይጠግነው ዘንድ ይታገላል፣ ካልቻለ ይሞታል።

የሁለተኛው ክንድ አስፈላጊነት ግምት ብቻ አይደለም። በ1940ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በለንደን የቼስተር ቢቲ ተቋም ተመራማሪዎች አንድ ክንድ ያላቸውን ዘመዶቹን ሠርተው ዕጢ ባወጡ እንስሳት ላይ ሞከሩ። ኃይላቸው እጅግ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ክንድ የግድ ነበር።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። ቶሎ ቶሎ የሚራባ ሴል ዲኤንኤውን ቶሎ ቶሎ ይከፍታል፤ ስለዚህ ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። በሰውነት ውስጥ ከሁሉ የፈጠነ ተራቢ የሚገኘው በአጥንት መቅኔ፣ በንፍፊትና በአንጀት ሽፋን ነው። አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት ኤድዋርድና ሔለን ክረምባር በ1919 እ.ኤ.አ. በሰናፍጭ ጋዝ የሞቱ ወታደሮች ነጭ የደም ሴላቸው አልቆ፣ መቅኔያቸው ባዶ ሆኖ እንደተገኘ ጽፈው ነበር። ጽሑፉ ታትሞ ሳለ ለሃያ ዓመት ያህል ለሕክምና ያሰበው ጥቂት ሰው ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ሴት ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ሻርሎት አውርባክ አይሁዳዊት ስለነበረች ከናዚ ጀርመን ሸሽታ ኤድንብራ የገባች ተመራማሪ ናት። የሰናፍጭ ጋዝ ቁስል የኤክስሬይ ቃጠሎ ይመስላል ከሚለው ሐሳብ ተነሥታ፣ ኤክስሬይ ዘረመል እንደሚለውጥ ሁሉ ይህም ይለውጥ እንደሆን በፍሬ ዝንብ ላይ መረመረች። የገዛ እጇ በጋዙ እየተቃጠለ ሠራች። መልሱ አዎን ነበር፤ ኬሚካል ዘረመል እንደሚለውጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ካሳዩት ሥራዎች አንዱ ሆነ። የጦርነት ምስጢር ስለነበረ ግን እስከ 1946 እ.ኤ.አ. ድረስ በይፋ አልታተመም። ወደዚህ ግኝት በዲስኩሬ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ፤ ለነርሶቻችን የምለው ከእሱ የተነሣ ነውና።

የሰናፍጭ ቤተሰብ ወደ ሕክምናው የገባው በዬል ዩኒቨርሲቲ ነው። ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን የተባሉ ሁለት የመድኃኒት ሊቃውንት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የናይትሮጅን ሰናፍጭን እንዲያጠኑ በምስጢር ታዘዙ። የናይትሮጅን ሰናፍጭ ድኙ ወጥቶ በቦታው ናይትሮጅን የገባበት ነው። ቀለበቱ በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል፤ ነገር ግን ጨው ሆኖ በውሃ ስለሚሟሟ በመጠን ለክቶ በደም ሥር መስጠት ይቻላል። አይጦች ላይ ሞክረው የንፍፊት ዕጢ ሲሟሽሽ አዩ። በነሐሴ መጨረሻ 1934 ዓ.ም. ምንም ሕክምና ያልመለሰለት የንፍፊት ካንሰር ሕመምተኛ መድኃኒቱን ተቀበለ። በታሪክ የሚታወቀው በስሙ መጀመሪያ ፊደሎች ብቻ ነው። በቀናት ውስጥ ዕጢው ለሰሰ፣ ቀነሰ፤ ሰውየው መብላት፣ አንገቱን ማዞር ቻለ። ከሳምንታት በኋላ ግን ዕጢው ተመለሰ፣ መቅኔውም ተጎዳ፣ በኅዳር 1935 ዓ.ም. ሞተ። ካንሰር በኬሚካል ሊመታ እንደሚችል ያሳየው ግን ያ ሕመምተኛ ነው።

ብዙዎች ይህንን ታሪክ ከባሪ ወደብ ይጀምሩታል። በዲሴምበር 2 ቀን 1943 እ.ኤ.አ. የጀርመን አውሮፕላኖች በደቡብ ኢጣልያ ባሪ ወደብ የነበሩትን መርከቦች ሲደበድቡ፣ ጆን ሃርቪ የተባለ የአሜሪካ መርከብ በምስጢር የጫነው የሰናፍጭ ቦምብ ፈነዳ። ከስድስት መቶ በላይ ወታደሮችና መርከበኞች ሆስፒታል ገቡ፤ ከ80 በላይ የሚሆኑት ሞቱ፤ የከተማዋን ነዋሪ ደግሞ የቆጠረው የለም። ሐኪሙ ስቱዋርት አሌክሳንደር ምስጢሩን ከደበቁት አለቆች ጋር ተከራክሮ የጉዳቱን ምንጭ አወቀ፣ ነጭ የደም ሴል መመናመኑንም መዘገበ። ሥራው ታላቅ ነው፣ ለምርምሩም ግፊት ሰጥቷል። የዬሉ ሕመምተኛ ግን ከባሪ ከዓመት በላይ ይቀድማል። ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ለእውነት ሲባል ነው።

የመጀመሪያው የናይትሮጅን ሰናፍጭ መድኃኒት በ1949 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። ቪንሰንት ዴቪታና ባልደረቦቹ ከሌሎች ሦስት መድኃኒቶች ጋር አጣምረው በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጡት ውጤት፣ ከዚያ በፊት የተስፋፋ የሆጅኪን በሽታ ይዟቸው ሞት ብቻ ይጠብቃቸው ከነበሩት ታካሚዎች ግማሽ ያህሉ ለዘለቄታው የሚድኑበት መንገድ ተከፈተ።

ግን መድኃኒቱ አሁንም ጨካኝ ነበር። በደም ሥር ሲገባ ደም ሥሩን ያቃጥላል፣ ዕጢው ጋ ሳይደርስ በደቂቃዎች ውስጥ ካገኘው ሁሉ ጋር ይተሳሰራል። ኬሚስቶቹ የገጠማቸው ጥያቄ በመጀመሪያ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነው፤ ኤሌክትሮፋይሉን እንዴት እናዘግየው? መልሱ ናይትሮጅኑ ላይ ነበር። ቀለበት የሚሠራው የናይትሮጅኑ ትርፍ ጥንድ ከሆነ፣ ጥንዱን ሥራ ማስያዝ ነው።

የለንደን ተመራማሪዎች ናይትሮጅኑን ከቤንዚን ቀለበት ጋር አያያዙት። ጥንዱ ወደ ቤንዚኑ ቀለበት ስለሚሰራጭ ክንዱን ለማጠፍ ቀድሞ የነበረው ጥድፊያ ይቀንሳል። እንዲህ ተገኘ ክሎራምቡሲል፤ በአፍ የሚዋጥ፣ ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ለዓመታት የተሰጠ ክኒን ነው። ፍራንዝ በርጌልና ጆን ስቶክ ደግሞ በ1954 እ.ኤ.አ. ያንኑ ክፍል ፌኒልአላኒን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ጋር አያይዘው ሜልፋላንን ሠሩ። ሴሉ አሚኖ አሲድ የሚቀበልበት በር ስላለው ሜልፋላንን በዚያው በር ያስገባዋል። ለመቅኔ ካንሰር ለማይሎማ ዛሬም በከፍተኛ መጠን ተሰጥቶ የታካሚው የራሱ ግንደ ሕዋስ ይመለስለታል።

ከሁሉም የምደነቅበት ግን ሳይክሎፎስፋማይድ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። በ1958 እ.ኤ.አ. ኖርበርት ብሮክና ባልደረቦቹ በምዕራብ ጀርመን አስታ በተባለው ኩባንያ ነው የሠሩት። ናይትሮጅኑን ከፎስፎረስ ጋር አሰሩት፤ ፎስፎረሱም ሁለት ትስስር ያለው ኦክስጅን ተሸክሟል። ይህ ቡድን የናይትሮጅኑን ጥንድ አጥብቆ ይስባል፤ ስለዚህ ሞለኪውሉ በጠርሙስም ሆነ በደም ውስጥ ሰላማዊ ነው፣ ቀለበት አይሠራም። የእነ ብሮክ ሐሳብ ዕጢ ፎስፎረሱንና ናይትሮጅኑን የሚቆርጥ ኢንዛይም በብዛት አለው፣ መድኃኒቱም እዚያው ይፈታል የሚል ነበር። ሐሳቡ ትክክል አልነበረም። መድኃኒቱን የሚያነቃው ጉበት ሆኖ ተገኘ፤ የጉበት ኢንዛይም አንድ ኦክስጅን ይጨምርበታል፣ ከዚያ ፎስፎረሱ ያለበት ሌላ ቀለበት ተከፍቶ ሴል ውስጥ ገብቶ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ክፍል ሁለት ክንድ ያለው ትክክለኛው ሰናፍጭ ነው። በአጥንት መቅኔ ውስጥ ያሉ ግንደ ሕዋሳት ደግሞ ይህንን መካከለኛ ደረጃ አስቀድሞ የሚያጠፋ ሌላ ኢንዛይም አላቸው። ስለዚህ መቅኔው ይጎዳል፣ ግን ያገግማል። ሳይታሰብ የተገኘ ምርጫ ነው፤ የመጀመሪያው ግምት ቢሳሳትም መድኃኒቱ ግምቱን አልፎ ሄደ።

ሁለተኛው ክፍል አክሮሊን ይባላል፤ እሱም ራሱን የቻለ ኤሌክትሮፋይል ነው። በኩላሊት በኩል ወጥቶ ሽንት ፊኛ ውስጥ ሲጠራቀም ሽፋኑን እያቃጠለ ደም ያሸናል። መፍትሔውን ያመጣው ያው ብሮክ ነው። ሜስና የተባለች ትንሽ ሞለኪውል ሠራ፤ ጫፏ ላይ ከሃይድሮጅን ጋር የተያያዘ ድኝ አላት፣ ድኙም ኤሌክትሮን ሰጪ ነው። ሽንት ውስጥ ገብታ አክሮሊኑን ትይዘዋለች፣ ትጨርሰዋለች። ኤሌክትሮን ፈላጊውን በኤሌክትሮን ሰጪ መጨረስ ማለት ይህ ነው። ነርሷ ታካሚውን ብዙ ውሃ ጠጣ፣ ሽንትህን አትያዝ የምትለውም አክሮሊኑ እዚያ እንዳይቆይ ነው። ትእዛዙን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ታካሚ ግን ይበልጥ ይታዘዛል።

ሳይክሎፎስፋማይድ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። በአገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው የጡት ካንሰር ነው፤ ለእሱ ከሚሰጡት ቅንብሮች አንዱ ይህ መድኃኒት ነው። ለንፍፊት ካንሰርም፣ ኩላሊት ለሚያጠቃ ሉፐስም ይሰጣል። ዋጋውም ከብዙዎቹ አዳዲስ የካንሰር መድኃኒቶች ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ ነው።

ለኬሚስትሪ ተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ያው የጓኒን ሰባተኛ ናይትሮጅን ዲኤንኤን ለማንበብም አገልግሏል። በ1977 እ.ኤ.አ. አለን ማክሳምና ዋልተር ጊልበርት በሃርቫርድ ባወጡት ዘዴ ዳይሜቲል ሰልፌት ያንን ናይትሮጅን ሜቲል ያለብሰዋል፤ ሰንሰለቱም ከዚያ ቦታ ላይ እንዲቆረጥ ይደረጋል፤ ከቁርጥራጮቹ ርዝመት ፊደሉ የት እንዳለ ይታወቃል። ጊልበርት በ1980 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ሰውነታችንም የራሱ ሜቲል ሰጪ ኤሌክትሮፋይል አለው፤ ኤስ አዴኖሲል ሜቲዮኒን ይባላል፣ እሱም ልክ እንደ ሰናፍጩ ቀለበት ፖዘቲቭ ቻርጅ የተሸከመ ድኝ ያለው ነው። ልዩነቱ ኢንዛይም ካልያዘው በስተቀር ከማንም ጋር የማይቸኩል መሆኑ ነው።

አሁን ወደ አውርባክ ግኝት ልመለስ። ዲኤንኤ ላይ የሚተሳሰር ነገር ካንሰር ገዳይ እንደሆነ ሁሉ ካንሰር አምጪም ነው። የሰናፍጭ ጋዝ፣ ሜልፋላን፣ ክሎራምቡሲልና ሳይክሎፎስፋማይድ አራቱም በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በአንደኛው ምድብ፣ በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው በተረጋገጠላቸው ውስጥ ተመዝግበዋል። የታከመ ሰው ከዓመታት በኋላ ሁለተኛ የደም ካንሰር ሊይዘው ይችላል፤ ዕድሉ ትንሽ ነው፣ ሐኪሙም ከበሽታው ጋር አመዛዝኖ የሚወስነው ነው። መካንነትም ሊከተል ይችላል፤ ስለዚህ ወጣት ታካሚ ልጅ የመውለድ ጉዳይን ሕክምናው ሳይጀመር ማንሣት አለበት። ሐኪሙ በሥራ ብዛት ቢዘነጋ ቤተሰቡ ይጠይቅ።

ታካሚው መድኃኒቱን የሚቀበለው የሚያድነው በሽታ ስላለበት ነው። ነርሷና ፋርማሲስቱ ግን በሽታው ሳይኖርባቸው በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ሊነካቸው ይችላል። ጠርሙስ ሲከፈት በሚወጣ ብናኝ፣ ጠረጴዛ ላይ በወደቀች ጠብታ፣ በታካሚው ሽንትና ትውከት። ለሳይክሎፎስፋማይድ የሚመከረው ከሕክምናው በኋላ ቢያንስ ለ48 ሰዓት የታካሚውን ሽንት፣ ትውከትና የቆሸሸ አንሶላ ያለ ጓንት አለመንካት ነው። እርጉዝና የምታጠባ ሴት ከዚህ ሥራ መራቅ አለባት። ቤት የሚያስታምም ዘመድም ይህንን ማወቅ አለበት፤ እናት የልጇን ልብስ በባዶ እጇ የምታጥበው ሳታውቅ እንጂ ደፍራ አይደለም።

መምህራን፣ ኤሌክትሮፋይልን ስታስተምሩ ይህንን ሞለኪውል ሰሌዳው ላይ ሣሉት፤ ድኙ ክንዱን ሲያጥፍ ቀስቱን ተማሪው ራሱ ይሣለው፣ ተከዜንም በስሙ ጥሩለት። ነርሶችና ፋርማሲስቶች፣ ቸኩላችሁም ቢሆን የመድኃኒቱን ጠርሙስ ሳትሸፋፈኑ አትክፈቱ፤ ለአስታማሚው ጓንቱን በእጁ ስጡት፣ ስለ 48 ሰዓቱም ንገሩት። የሆስፒታል ኃላፊዎች፣ መድኃኒቱን ስትገዙ ጓንቱን፣ ፈሳሽ የማያስገባ ጋዋኑንና መቀመሚያ ካቢኔውን በዚያው ግዢ አስገቡ።